በደብተሩ ላይ ስምንት ሰዓት

አታሚው በገዛ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ የተገኘው አርብ ጠዋት ነው፤ ልክ ዳኛዋ «በአካል ቀርቦ ልየው» ብላ ባዘዘችበት ሰዓት። ያገኘችው እህቱ ነበረች። ጎረቤት ደርሶ ገመዱን እስኪቆርጥላት ድረስ የወንድሟን እግር አቅፋ ወደ ላይ ትገፋ ነበር፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ብዙ ሰዓት እንደሆነው እያወቀችም አልለቀቀችውም።

ጋሽ መጥሪያ ዳኛዋን ተከትለው ሲገቡ አስከሬኑ አንሶላ ለብሶ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን አጠገብ ተጋድሟል። ጋሽ መጥሪያ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ አድራሽ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ በብብታቸው ሸጉጠው ሲመላለሱ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ ሥራቸው ስም ሆኖላቸዋል። ዛሬ የችሎቱ ጸሐፊ ታሞ ስለቀረ ቃል የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። 

ዳኛዋን ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ለምን» ይላታል። ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ለምን?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታዋ ስንቱን ጠበቃ በላብ አጥምቆታል።

የሟቹ ጥፋት ይህ ነበር። የሕገ መንግሥቱን የመብቶች ምዕራፍ የኪስ መጽሐፍ አድርጎ አተመ። አንድም ቃል አልጨመረበትም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማሳነስ ነው። ትልቁ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማንንም አላስቆጣም ነበር፤ ትንሹ ኪስ ውስጥ ሲገባ ግን «ሕዝብን ያነሳሳል» ተባለ። ሰኞ ጠዋት ፖሊሶች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ቤቱን ፈትሸው ወሰዱት። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ራሱ ባተመው መጽሐፍ አራተኛ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ሐሙስ ደረሰ፣ አልቀረበም። እህቱ አቤት አለች። ዳኛዋም «ይህ ትዕዛዝ እንደደረሳችሁ ምርመራው ይቁም፣ ሰውየው ይለቀቅ፤ ነገ ጠዋት ችሎት ቀርቦ በአካል ልየው» ብላ ጽፋ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለጋሽ መጥሪያ በእጃቸው ሰጠቻቸው። ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው።

አሁን በእጇ የያዘችው የጣቢያውን መልስ ነው። «የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ በስምንት ሰዓት ስለደረሰን፣ ታሳሪው ንብረቱን ተረክቦ በዘጠኝ ሰዓት ተለቋል» ይላል። ማኅተም አለው። የጻፈው ሰው ስም የለውም፤ ቅጹም ስም አይጠይቅም።

ዳኛዋ አንሶላውን ገልጣ ተንበረከከች። እስረኛ ሲገባ የሚወሰድበትን ቀበቶ ታጥቋል፣ የጫማ ክሩ ታስሯል፣ የማተሚያ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ለተመልካች የተፈታ ሰው ነው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን አንገቱን አሳያት። ገመዱ የገባው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ ትንፋሹን ያቋረጠው ከኋላ የመጣ ክንድ ነው። ሲሞትም ምሳውን ከበላ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አልሞላውም ነበር።

«ምሳውን የበላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሰባት ሰዓት» አለች እህቱ ከጥግ። «የምሳ ዕቃውን ባዶውን የመለሱልኝ ሰባት ከአሥር ላይ ነው። ከዚያ ወደ እርስዎ ሮጥኩ።»

እንግዲህ የሞተበት ሰዓት ከዘጠኝ ተኩል አላለፈም ማለት ነው። ጋሽ መጥሪያ ሰዓቱን ጻፉት።

«ትዕዛዙን ካወጣሁልሽ በኋላ የት ነበርሽ?»

«ጣቢያው በር ላይ። ከስምንት ሰዓት በፊት ደርሼ እዚያው ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ሲመጣ ዓይኔ እንዲያይ ፈልጌ ነበር። አልመጣ አለ። የመጣው አሥር ተኩል ላይ ነው፤ ያመጡት እኒህ አባት ናቸው።»

ጣቷ ወደ ጋሽ መጥሪያ ተቀሰረ። ዳኛዋ ዞር ብላ አየቻቸው። ጋሽ መጥሪያ አንገታቸውን ደብተራቸው ውስጥ ቀበሩ፤ ያለችውን ቃል በቃል ጻፉ። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ እጇን አወረደች።

ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ጋሽ መጥሪያ ከዳኛዋ ወደ ኋላ ቀሩ። ሐሙስ ከሰዓት ትዕዛዙን ይዘው ሲወጡ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ጥላው ሥር ልብስ ሰፊው በቆርኪ ዳማ ደርድሮ ጠራቸው። አንድ ዙር ብቻ ነበር ያሉት። ያን ቀን ደግሞ እያሸነፉ ነበር። ወረቀቱን መቀመጫቸው ሥር አድርገው ሦስት ጊዜ አሸነፉ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ በሕይወታቸው መቶ ጊዜ አድርሰዋል፤ ጣቢያው የሚፈታውን ይፈታል፣ የማይፈታውን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ምን ለውጥ ያመጣል ብለው ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ዳኛዋ አራት ሠራተኞችን ተራ በተራ አነጋገረች።

የጣቢያው አዛዥ ወፍራም፣ የደከመው ሰው ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ከሠላሳ ሰው ጋር ተቀምጦ እንደዋለ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ሲመለስ የመፍቻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንዳገኘው ተናገረ። ማን ጻፈው ብሎ አልጠየቀም። ለምን ስትለው፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት መጠራጠር ልማዱ እንዳልሆነ ነገራት። ማኅተሙ መዝገብ ያዧ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ከእሷ፣ ከእሱና ከመርማሪው ጋር አለ።

መዝገብ ያዧ መስኮቱ ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት። ትዕዛዙን ከጋሽ መጥሪያ እጅ የተቀበለችው፣ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ስንት ሰዓት ላይ ስትባል ጋሽ መጥሪያን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው።

«ደብተሩ ላይ ያለው ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«አንቺ የምታውቂውን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ደብተሩ ላይ ያለው ነው» አለች ደግማ፤ ጣቶቿን እርስ በርስ ታፍተለትል ነበር። ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ማኅተሙ ደግሞ ከእሷ መሳቢያ ነው የወጣው።

ዘቡ ሽማግሌ ነው፤ ታሳሪው ሁሉ «ጋሼ በሩ» ይለዋል። ስምንት ሰዓት ላይ አታሚው ውሃ ጠይቆት በኩባያ እንዳቀበለው አልደበቀም። ከዚያ በኋላ በውስጠኛው ኮሪደር ማን እንዳወጣው አላየም። አሥር ሰዓት ሲቃረብ መኪና በኋላው በር ሲወጣ ሰምቷል፤ የዚያ በር ቁልፍ ከአለቆቹ ጋር ነው። በሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት አይቷት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ቤተሰብ በየቀኑ እንደሚኮለኮልና ማንን ከማን እንደሚለይ ግራ እንደሚገባው አጉተመተመ። ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

የመጨረሻው መርማሪው ነው። «ለስላሳው» ይሉታል፤ እስረኛ ሲያናግር እንኳ «ወንድሜ» እያለ ነው። ሐሙስ ጠዋት አታሚው በፈቃዱ አምኖ የፈረመበትን ቃል አወጣ፦ መጽሐፉን ያሳተመችው፣ ሕዝብ ለማነሳሳት የመከረችው እህቱ ናት ይላል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ብቻውን ውጭ እንደዋለ፣ ሲመለስም ሰውየው መለቀቁን እንደሰማ ተረከ።

«እኔን ከጠየቁኝ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈታ። ማተሚያ ቤቱ ሄደ። ስሟን እንዳወጣ ነገራት፤ ወይም ደረሰችበት። ብቻዋንም ላትሆን ትችላለች። ሁለተኛ ቁልፍ ያላት እሷ ናት።»

«እሷ በራችሁ ላይ ነበርኩ ትላለች። ትዕዛዙ አሥር ተኩል ላይ ሲደርስ አይቻለሁ ትላለች።»

ለስላሳው ፈገግ ብሎ ወደ ጋሽ መጥሪያ ዞረ። «ጋሽዬ እኮ አሉ። ደቂቃ የማያዛንፉ ሰው ናቸው። ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

መስኮቱ አጠገብ መዝገብ ያዧ ድንገት ሳል ያዛት። ጋሼ በሩ ወደ ውጭ ተመለከተ። ዳኛዋ ሁለቱንም አየቻቸውና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ የመላኪያ ደብተርዎን ያሳዩኝ።»

ገጹን ቀስ ብላ ገለጠች። ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት። ስምንት ሰዓት። ዓመቱን ሙሉ አንድም ከሩብ፣ አንድም ከአምስት የሚል የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ገና በቦርሳቸው ውስጥ ያሉ ሦስት መጥሪያዎች ተመዝግበው ነበር፤ የአንዱ ሰዓት «ዘጠኝ» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከስድስት አላለፈም። መጥሪያ አድራሾች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ጠዋት ሻይ እየጠጡ የቀኑን ሰዓት ሁሉ ሞልተው ይወጣሉ፣ በኋላ የሚጨመረውንም ገና ሲቀበሉ ይሞሉታል፣ በወረቀቱም ጀርባ ያንኑ ይጽፋሉ፣ ተቀባይም ሳያይ ይፈርማል። ዳኛዋ ደብተሩን ዘግታ መለሰችላቸው። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በጣቢያው የፊት ክፍል፣ ከመስኮቱ ፊት ሰበሰበቻቸው። አዛዡ፣ መዝገብ ያዧ፣ ጋሼ በሩና ለስላሳው በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። እህቲቱ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆማለች፤ በወንድሟ ቃል ልትታሰር፣ በወንድሟ ሞት ልትጠየቅ ማዘዣዋ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል።

«ከመፍቻው ወረቀት እንጀምር» አለች ዳኛዋ። «ይህ ወረቀት እውነት ከሆነ ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቷል፤ ከዘጠኝ ተኩል በፊትም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገድሎታል። ሐሰት ከሆነ ግን በራሱ እግር ከዚህ ግቢ አልወጣም፤ የገደለውም እዚህ ያለ ሰው ነው። እውነት ሐሰቱን የሚለየው ትዕዛዙ የደረሰበት ሰዓት ነው። ያልደረሰን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚፈታ የለምና። ደብተሩ ስምንት ሰዓት ይላል። እሷ አሥር ተኩል ትላለች። እሷ ተጠርጣሪ ናት፤ ደብተሩ ደግሞ የመንግሥት ደብተር ነው።»

ከኪሷ አታሚው ያተመውን ትንሽ መጽሐፍ አወጣች።

«ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ አለ። ያ ሰው ቢናገር ራሱ ላይ መመስከሩ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ስለዚህ አላስገድደውም። በዓይኔም አላስገድደውም» አለችና በእርግጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

 ጋሽ መጥሪያ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ስምንት ወር ነው። ዝም ቢሉ ማንም አይነካቸውም፤ ሕጉ ራሱ ዝም በሉ ብሏቸዋል። ልጅቷን አዩ። እሷ አላየቻቸውም፤ አንዴ ጠብቃ ስላጣችው ዳግመኛ ልትጠብቅ አልፈለገችም። ያ ነው አንጀታቸውን የበላው።

እስክሪብቶውን አስቀምጠው ተነሡ።

«አሥር ተኩል ነው» አሉ። «ስምንት ሰዓት ብዬ የሞላሁት ትዕዛዙን ገና እንደተቀበልኩ ነው። ዳማ ስጫወት ነበር። በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ባዶ የምሳ ዕቃ ታቅፋ። ስመጣ ብድግ አለችና "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ" አለችኝ። እውነቷን ነው።»

ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ማንም ሳያጽፋቸው ራሳቸው ጽፈው ፈረሙበት። መዝገብ ያዧ እንባዋ ወረደ። «እኔም ያኔ ነው የተቀበልኩት» አለች። ጋሼ በሩም ሴትዮዋን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አይቷት እንደነበር አመነ።

ዳኛዋ ዞረች። «እንግዲህ የመፍቻው ወረቀት ሐሰት ነው። ማን ጻፈው? ጻፊው ትዕዛዙ ስምንት ሰዓት ላይ የደረሰ መስሎት ነበር። መዝገብ ያዧ አሥር ተኩል ላይ በእጇ ተቀብላዋለች። ጋሼ በሩ በሩን ከፍቷል። ሁለቱ ቢዋሹ ኖሮ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈታነው" ይሉ ነበር እንጂ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውም። ጻፊው ወረቀቱ ሲመጣ እዚህ ያልነበረ፣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አግኝቶ ጀርባው ላይ ያለውን ሰዓት ያመነ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ ያልነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አዛዡና መርማሪው። አዛዡ ሰውየው ሲሞት ሠላሳ ሰው መካከል ተቀምጦ ነበር።»

አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ። ዳኛዋ ለእሱም አላዘነችለትም፤ የእሱን አለመጠየቅ ለብቻው እንደምትጠይቅበት ነገረችው።

«ጋሽ መጥሪያ ሰዓት እንደማያከብሩ» ቀጠለች ወደ ለስላሳው ዞራ፣ «እዚህ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ሲመሰገኑ አንዷ ሳል የያዛት። ደቂቃ አያዛንፉም ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎ የሚያውቋቸው በወረቀታቸው ነውና። ከስምንት ሰዓት በኋላ ከክፍሉ አወጡት። ጠዋት የፈረመውን ቃል ሊክድብዎት ነበር መሰለኝ። እጅዎ ላይ ሲቀር ቀበቶውን አስታጠቁት፣ የጫማ ክሩን አሰሩለት፣ በኋላው በር አውጥተው በገዛ ቁልፉ ማተሚያ ቤቱ አስገብተው ሰቀሉት። ተመልሰው ሲመጡ ጠረጴዛዎ ላይ የእኔ ትዕዛዝ አለ፤ ስምንት ሰዓት የሚል። ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። ፍርድ ቤት አስፈታው ሊሉ ነው።»

ለስላሳው ድምፁ ያው እንደወትሮው ነበር። «ጠዋት ፈርሞ ነበር። ኋላ "በእህቴ ላይ አልመሰክርም፣ ቅደደው" አለ። ልይዘው ነበር እንጂ...» ቆመና ጋሽ መጥሪያን ተመለከተ። «በስምንት ሰዓት አድርሰውት ቢሆን እኔም እለቀው ነበር፣ ጋሽዬ። በስምንት ሰዓት ውሃ እየጠጣ ነበር።»

ጋሽ መጥሪያ ግድግዳውን ተደገፉ።

ዳኛዋ ጣልቃ ገባች። «ይበቃል። ከአሁን በኋላ አለመናገር መብትዎ ነው፤ የሚናገሩት ማስረጃ ይሆንብዎታል። ጠበቃ ያገኛሉ። ማንም እጁን አያነሳብዎትም።» ሰዓቷን አየችና ራሷ ጻፈች። «የተያዙት አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ከእሑድ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት በፊት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።»

እህቲቱ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች። ለወንድሟ የተነፈገው ሁሉ ለገዳዩ ሲቆጠርለት ሰምታ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ መጥሪያ ከሥራ የሚታገዱበት ደብዳቤ እየተተየበ ሳለ፣ በልጅቷ ላይ የተከፈተው መዝገብ መዘጋቱን የሚገልጽ ትዕዛዝ ወጣ። እኔ ላድርሰው ብለው ለመኑ። ዳኛዋ ለምን አላለቻቸውም።

ልብስ ሰፊው ከጥላው ሥር ሲጠራቸው ዞር ብለው አላዩም። ደብተሩ ላይ የሰዓቱን ቦታ ባዶ ትተውታል። ልጅቷ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያልተጣጠፉትን ገጾች እያጣጠፈች ነበር። ወረቀቱን አነበበች፣ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወሰደች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት» አሉ። «መንገድ ላይ አፈርኩ።»

አንድ ገጽ አጣጥፋ ክምሩ ላይ አስቀመጠች።

«ይቅር አላልኩዎትም» አለች። «እስር ቤት ያልገባሁት ግን በእርስዎ አፍ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ።»

ጋሽ መጥሪያ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ። ከኋላቸው ማሽኑ ሲነሳ ሰሙ፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ሳይቆሙ በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።